«ሮልፍ ክራኪ» የክራኪ ልጅ አይደለም

ጥያቄ፦ «ስለ ዴንማርኩ ንጉሥ ስለ ሮልፍ ክራኪ የሚተርከውን የአይስላንድ ሳጋ (የጥንት የጀግኖች ትረካ) ለታዳጊዎች እያሳጠርሁ በአማርኛ እጽፋለሁ። የንጉሡ ዋና ተዋጊ ቦድቫር ብያርኪ ይባላል። ‹ሻምፒዮን› ልበለው ወይስ ‹ጀግና›? ስሞቹንስ በምን ፊደል ልጻፋቸው? ደግሞ በመጨረሻው ጦርነት ላይ ‹ቦድቫር ድብ ሆኖ ተዋጋ› ብዬ ነበር፤ ረቂቁን ያየ ሰው ‹እንዲህ አይባልም› አለኝ። ምኑ ነው ስሕተቱ?»

መልስ፦ ከስሙ ልጀምር፤ ከባዱ ችግር ያለው እዚያ ነው። አማርኛ አንባቢ ሁለት ስም ተከታትሎ ካየ ሁለተኛውን የአባት ስም አድርጎ ያነባል። «ሮልፍ ክራኪ» ሲሉት ክራኪ የሚባል አባት ይፈልጋል፤ «ቦድቫር ብያርኪ» ሲሉትም እንደዚሁ። የሮልፍ አባት ግን ሄልጊ፣ የቦድቫር አባት ደግሞ ብዮርን ነው። አይስላንዳውያንም እንደ እኛ ዛሬም ድረስ በአባት ስም የሚጠሩ መሆናቸው ግራ መጋባቱን ያብሰዋል፤ ከታሪኩ ጋር ትንሽ የሚተዋወቅ አንባቢ እንዲያውም ይበልጥ ይሳሳታል።

«ክራኪ» ቅጽል ስም ነው። ቮግ የሚባል ድኻ ልጅ ንጉሡን ሊያይ መጥቶ ፊቱ ቀጭን መሆኑን ሲያይ ክራኪ አለው፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ጉጡ ብቻ እንደ መሰላል የቀረ ግንድ ማለት ነው። ንጉሡም አልተቆጣም፣ ስም ላወጣለት ልጅ የወርቅ ቀለበት ሸለመው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲያነሡት «የሄልጊ ልጅ ሮልፍ፣ በቅጽል ስሙ ክራኪ» ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ «ንጉሥ ሮልፍ» ይበቃል። እኛ ቅጽሉን ከስሙ ማስቀደም ስለምንወድ «አባ ታጠቅ ካሳ» እንደሚባለው «አባ ክራኪ» ለማለት የሚፈተን ይኖራል። ያ የፈረስ ስም ወግ ነው፤ አንባቢውን ከሮልፍ መናገሻ ከሌይሬ አንሥቶ ጎንደር ያደርሰዋል።

የብያርኪ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። ብያርኪ «ትንሹ ድብ» ማለት ነው። «ቦድቫር» ደግሞ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት መጀመሪያ ስም አልነበረም፤ «የውጊያ» የሚል አገናዛቢ ቃል ሆኖ «የውጊያው ብያርኪ» ይባል የነበረው ኋላ ሁለት ስም መስሎ ቀረ። በ1200 ገደማ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በላቲን የጻፈው ዴንማርካዊው ታሪክ ጸሐፊ ሳክሶም ብያርኮ ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ በትረካዎ ውስጥ ነጠላውን «ብያርኪ» ቢመርጡ አልቃወምም፤ ለታዳጊ አንባቢም ይቀላል። ትርጉሙን በግርጌ ሲያስረዱ «የድብ ግልገል» አይበሉ፤ ግልገል በግና ፍየል ያስታውሳል። የአንበሳን ልጅ የምንጠራበት «ደቦል» ለዚህ ልጅ ይስማማዋል።

የፊደሉን ጉዳይ በአጭሩ። በእነዚህ ስሞች በላቲን ፊደል የሚታየው «ጄ» ድምፁ «ይ» ነው፤ «ብጃርኪ» እና «ህጃልቲ» (የብያርኪ ባልደረባ ህያልቲ) ከእንግሊዝኛ ንባብ የመጡ ስሕተቶች ናቸው። «ቢያርኪ» ከማለት «ብያርኪ» ይሻላል፤ «ቢያ» ብሎ የሚጀምር ቃል ሲያጋጥመው ዐይናችን «ቢያርስ፣ ቢያርም» እንደሚል ግሥ አድርጎ መተርጎም ይጀምራል። በሮልፍ ስም መጀመሪያ ያለችውን «ህ» ይተዉአት፤ «ህሮልፍ» የአማርኛ ምላስ «ህ-ሮልፍ» ብሎ ይሰብረዋል። በህያልቲ ላይ ግን ያስፈልጋታል፣ ያለ እርሷ ሌላ ስም ይሆናል። በጥንቱ ቋንቋ በስሞች መጨረሻ የምትታየው «ር» (ሮልፍር፣ ሆትር) ባለቤትን የምታመለክት የሰዋስው ምልክት ናት፤ «ሮልፍን» ስንል «ን» የስሙ አካል እንዳልሆነች ሁሉ እርሷም አይደለችም። ይጣሏት። በቦድቫር መጨረሻ ላይ ያለችው «ር» ግን የስሙ ናት፣ ትቆይ።

አሁን ወደ «ሻምፒዮን»። በዛሬው አማርኛ ሻምፒዮን ዋንጫ የሚያነሣ ነው፤ ታዳጊ አንባቢ ስታዲየም ይታየዋል። «አርበኛ» ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ስለተቆራኘ አገሩን ከባዕድ ያስጣለ ሰው ነው፤ ብያርኪ ደግሞ ኖርዌጂያዊ ሆኖ ለዴንማርክ ንጉሥ ያደረ ነው። «ጋሻ ጃግሬ» በጥንቱ ትርጉሙ ይቀርብ ነበር፣ ዛሬ ግን ስድብ ሆኗል። «ጦረኛ» ጠብ ወዳድ ያስመስላል። እኔ «ጀግና» እንዲሉ እመክራለሁ፤ ከንጉሡ ጋር ያለው ቅርበት ሲነሣ «ባለሟል» ይጨምሩበት። በአንድነት ሲጠሩ «የንጉሥ ሮልፍ ኃያላን» ቢሉ ያምራል፤ የዳዊትን ኃያላን የሰማ ጆሮ በንጉሥ ዙሪያ የተመረጡና በስም የሚታወቁ ተዋጊዎች መሆናቸውን ሳይነገረው ይረዳል። ይህን ስም ግን ለአሥራ ሁለቱ በርሰርኮች አይስጡ። በርሰርክ በውጊያ ጊዜ ራሱን እስኪስት የሚቆጣ ተዋጊ ነው፤ እንዳለ ጽፈው አንድ ጊዜ ያብራሩት። በሳጋው በርሰርኮቹ ለገና ሲመለሱ አዳራሹን እየዞሩ «ከእኔ እኩል ነኝ ትላለህ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ብያርኪ ጋ የደረሰውን እርሱ አንሥቶ መሬት ላይ ያፈርጠዋል።

በግሥ ምርጫ ረገድ ሁለት ቦታ ይጠንቀቁ። የብዮርን እንጀራ እናት ንግሥት ህቪት ድብ ሆኖ የታረደውን የብዮርንን ሥጋ ከእርሱ ላረገዘችው ለቤራ ስታቀርብላት «አጎረሰቻት» ካሉ ነገሩ ተበላሸ። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ እዚህ ያለው ግዳጅ ነው። «በግድ አበላቻት» ይበሉ። መጠኑንም አይቀንሱ፦ የመጀመሪያውን ቁራሽ ሙሉ ዋጠችው፣ ከሁለተኛው ትንሽ ፍርፋሪ ብቻ ወረደላት፣ ሌላውን ተፋችው። ከሦስቱ ልጆቿ ኤልግ ፍሮዲ ከእምብርቱ በታች የኤልክ አጋዘን፣ ቶሪር እግሩ የውሻ፣ ብያርኪ ግን እንከን የለሽ ሆኖ የተወለደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ መጠኑ ከተዘለለ ልዩነቱ ምክንያት ያጣል። ሁለተኛው ቦታ ብያርኪ የገደለውን አውሬ ደም ፈሪውን ሆትን የሚያጠጣበት ነው። ሳጋው ሁለት ትልልቅ ጉንጭ ይላል፤ አማርኛም ልኩን ቃል ይዞ ይጠብቅዎታል፦ «ሁለት ጉንጭ አስጎነጨው»። ከዚያ በኋላ ሆት ደፋር ይሆናል፣ ስሙም ህያልቲ ይባላል። ከዚህ በኋላ «ሆት» ብለው እንዳይጽፉ፤ ታዳጊው ሁለት ሰው ይመስለዋል።

ድቡ ጋ ደረስን። ረቂቅዎን ያየው ሰው ልክ ነው። «ሆኖ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ከ«ተዋጋ» ጋር አንድ ባለቤት ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ቦድቫር ድብ ሆኖ ተዋጋ» ማለት ሰውየው ተለውጦ ሜዳ ወረደ ማለት ነው። ሳጋው የሚለው ግን ሌላ ነው። የንጉሡ እኅት ስኩልድና ባሏ ሂዮርቫርድ ሌይሬን ሲያጠቁ ብያርኪ በአዳራሹ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል፤ በጦር ሜዳው ደግሞ አንድ ትልቅ ድብ ከንጉሡ አጠገብ ሳይለይ ይዋጋል። ሁለት ቦታ፣ ሁለት ባለቤት፤ ስለዚህ የሚያስፈልግዎት «ሳለ» ነው፦

«ብያርኪ በአዳራሹ ተቀምጦ ሳለ፣ በሜዳው አንድ ትልቅ ድብ ከንጉሡ ፊት ፊት ይዋጋ ነበር፤ ጦር አይወጋውም፣ ሰይፍ አይበላውም።»

የድቡን ማንነት አይናገሩ። «መንፈሱ ወጥቶ» ካሉ ሳጋው አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት የተወውን ያቃጥሉበታል። ህያልቲ ገብቶ ብያርኪን እየወቀሰ ሲያስነሣው ደግሞ «ድቡ ወደ ሰውነት ተመለሰ» አይበሉ፤ «ከዚያ ወዲያ ድቡ አልታየም» ይበቃል። ብያርኪ በተነሣበት ቅጽበት ድቡ መጥፋቱ ሁሉን ይነግረዋል፤ ጦርነቱም ከዚያ በኋላ በንጉሡ ላይ ይዞራል። በአባቱ በብዮርን ታሪክ ግን «ሆነ» ትክክል ነው፤ ህቪት በተኵላ ቆዳ ጓንት መትታ የረገመችው እርሱ በእርግጥ ቀን ድብ፣ ሌሊት ሰው ይሆን ነበርና። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ለአባትም ለልጅም አያቅርቡት፤ እኛ ዘንድ ክስ ነው፣ እዚያ ግን አንዱ ተበዳይ፣ ሌላው የንጉሡ መከታ ነው።

ስለ አክብሮት ቅርጹ አልጠየቁኝም፤ ረቂቁን ሲያርሙ ግን መምጣቱ አይቀርም። ተራኪው ንጉሡን «አለ፣ ሄደ» ቢለው የተረት ወግ ነው፣ አያሳንሰውም። ብያርኪ ሲያናግረው «ንጉሥ ሆይ፣ እርስዎ…» ይበል። «ጃንሆይ» ግን ለኢትዮጵያ ነገሥታት ይቅር።