የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዲሽ መብራት ይቀበላል?

ጥያቄ፦ የፀሐይ ኃይል ጠፈር ላይ ተሰብስቦ በጨረር ወደ ምድር ሊላክ ይችላል ሲባል ሰምቻለሁ። ጣሪያዬ ላይ የቴሌቪዥን ዲሽ አለኝ። እንዲህ ያለ ሳተላይት ቢመጥቅ በዚያው ዲሽ መብራት ላገኝ እችላለሁ? (አንባቢ ከአዳማ)

መልስ፦ አይችሉም። ችግሩ ዲሽዎ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ሳተላይቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንዲታይ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ኃይሉን ወደ ምድር የሚያወርደው የማይክሮዌቭ ጨረር ደግሞ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይሰፋል። ምን ያህል እንደሚሰፋ ራስዎ ማስላት ይችላሉ፦ የሞገዱን ርዝመት በርቀቱ ያባዙ፣ ለላኪው አንቴና ዲያሜትር ያካፍሉ፣ ከዚያ በ2.44 ያባዙ። በ2.45 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 12.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ላኪው አንቴና 1 ኪሎ ሜትር ቢሰፋ እንኳ ጨረሩ መሬት ሲደርስ ዲያሜትሩ 10.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር ይጠባል፤ እሱም ቢሆን ሰፈር ሙሉ ነው።

ኢንጂነር ፒተር ግሌዘር ይህን ሐሳብ በ1968 እ.ኤ.አ. ካቀረበ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጠናው ንድፍ 5,000 ሜጋዋት የሚያወርድ ነበር፤ የህዳሴ ግድብን ሙሉ አቅም ያህል ነው ማለት ይቻላል። የጨረሩ መሃል በካሬ ሜትር 230 ዋት ነው። የ90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ እዚያ መሃል ቢቆም 145 ዋት ገደማ ያርፍበታል። ነገር ግን ለሕዝብ የተፈቀደው የመጋለጥ ጣሪያ በካሬ ሜትር 10 ዋት ስለሆነ፣ ሰው የሚኖርበት ቦታ ላይ አይወርድም።

«እንግዲያው ኃይሉን ቀንሰን እንላከው» ይሉ ይሆናል። የአዳማ ሁለተኛውን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያህል፣ 153 ሜጋዋት እንላክ እንበል። ክቡ አይጠብም፤ የሚሳሳው ጨረሩ ነው፤ በአማካይ በካሬ ሜትር 2 ዋት እንኳ አይሞላም። መቀበያው ላይ ሞገዱን ወደ ቀጥተኛ ጅረት የሚቀይረው ዳዮድ ደግሞ ለመክፈቻ የሚበቃ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ጠንካራ ጨረር ሲያገኝ ከ80 በመቶ በላይ ይቀይራል፤ ሲሳሳበት አብዛኛውን ያባክናል። ትንሽ ጀምሮ ማሳደግ የሚከብደው ለዚህ ነው። ለአዳማ የሚደላ አንድ ነገር ቢኖር፣ ከተማዋ 8.5 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስላለች ሳተላይቱ ከአናት ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ መቀበያ መስኩም ክብ እንደሆነ ይቀራል። 35 ዲግሪ ላይ ግን 10 በ13 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይለጠጣል።

ለቤትዎ ግን ቆርቆሮው ላይ የሚታሰር ሶላር ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ የክረምት ደመናና ሌሊት አያቋርጡትም? ጨረሩ ቢስትስ?

መልስ፦ 2.45 ጊጋኸርዝ ደመናንና ዝናብን በጥቂት ብክነት ያልፋል፤ በደመና የሚታገደው ሌዘር ነው። ሌሊትም ቢሆን ይሠራል፤ በመስከረምና በመጋቢት ሰሞን ብቻ ሳተላይቱ እኩለ ሌሊት አካባቢ ቢበዛ ለ72 ደቂቃ የምድር ጥላ ውስጥ ይገባል። ጨረሩ የሚያነጣጥረው ከመቀበያው መሃል ወደ ላይ በሚላክ መሪ ምልክት ነው። ምልክቱ ከጠፋ የላኪው ክፍሎች ቅንጅት ይፈርስና ጨረሩ ተበትኖ ይሳሳል።

ጥያቄ፦ ለሳይንስ ክበባችን ትንሽ መቀበያ ሠርተን በዋይፋይ አምፖል ማብራት እንፈልጋለን። እንዴት እንሥራ? (ተማሪዎች ከአዳማ)

መልስ፦ አምፖሉን እርሱት፤ ሚሊቮልት ለኩ። 100 ሚሊዋት የሚለቅ ራውተር 1 ሜትር ርቀት ላይ ለአንድ አንቴና የሚያደርሰው 15 ማይክሮዋት ገደማ ነው።

እያንዳንዳቸው 29 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች በአንድ መስመር አስቀምጡ። መሃላቸው ላይ ለማይክሮዌቭ የተሠራ ሾትኪ ዳዮድ (በጣም ፈጣን የዳዮድ ዓይነት) በዩ፤ እግሮቹን በተቻለ መጠን አሳጥሩ። ከራዲዮ ጠጋኝ የምታገኙት 1ኤን4007 የተባለው ተራ ዳዮድ አይሠራም፤ ሞገዱ በ0.4 ናኖ ሰከንድ አንዴ ሲገለባበጥ እሱ ለመዘጋት ማይክሮ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ከዳዮዱ ግራና ቀኝ አንዳንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በዩና በእነሱ በኩል ወደ ዲጂታል መልቲሜትር ውሰዱ። ሬዚስተሮቹ ከሌሉ የመለኪያው ሽቦ ራሱ አንቴና ይሆንና ንባቡን ያዛባል።

ራውተሩን በ2.4 ጊጋኸርዝ አድርጉ፤ በ5 ጊጋኸርዝ ከሆነ የሽቦው ልክ አይገጥምም። ትልቅ ፋይል እያወረዳችሁ ለኩ፤ ራውተር ሥራ ሲያጣ የሚልከው አልፎ አልፎ ስለሆነ ቁጥሩ ይዘላል። ከ10 ሴንቲ ሜትር ጀምራችሁ ሽቦውን ከራውተሩ አንቴና ጋር ትይዩ አድርጉ፤ ወደ ጎን ስታዞሩት ንባቡ ይወርዳል።

ጉልበት ለመጨመር ብላችሁ የማይክሮዌቭ ምድጃ እንዳትፈቱ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ከተፈታ ምድጃ የሚወጣው ጨረር ደግሞ ዓይን ይጎዳል።