ካንሰሩ ወደ ጉበት «ተላለፈ» ወይስ «ተዛመተ»?

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት ሕክምና ላይ ነው፤ በቅርቡ ደግሞ ጉበቱ ላይም ታየ። ሐኪሙ የሚለውን ለአባቴ የምነግረው እኔ ነኝ። ‹ወደ ጉበት ተላልፏል› ስለው ‹እንግዲህ የጉበት ካንሰርም ያዘኝ! መጠጥ አልጠጣ፣ የወፍ በሽታ አልያዘኝ፣ ከየት መጣ?› አለኝ። ከዚያ የዕጢው የጂን ምርመራ ውጤት ደረሰ። ወረቀቱ ላይ ‹ድራይቨር ሚውቴሽን› የሚል አለ፤ ‹የካንሰሩ መንስኤ› ብዬ ነገርኩት። ‹ኬራስ ዋይልድ ታይፕ› የሚለውን ‹የዱር ዓይነት ነው› ስለው በጣም ደነገጠ። እናቴ ደግሞ ‹የጂን ከሆነማ ልጆቼም አለባቸው› ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ጥያቄሽ የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ አንድ ቃል ሲሳሳት አባትሽ የሌለበትን በሽታ እያሰበ ነው የሚያድረው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ «የጉበት ካንሰር»። አባትሽ የሰማው ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ «የ» ላይ ነው። አማርኛ «የሐረር ቡና» ሲል ቡናው ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ «የጀበና ቡና» ሲል ግን በምን እንደተፈላ ነው የሚነግረን። ያው አንድ «የ» ነው። «የጉበት ካንሰር» ስንልም እንዲሁ ነው፦ ጉበት ውስጥ የተነሣ ነው? ወይስ ጉበት ውስጥ የተገኘ? አድማጩ የመጀመሪያውን ይወስዳል። ሕክምናው ግን ሁለቱን በጣም ይለያቸዋል። ከራሱ ከጉበት ሴሎች የሚነሣው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከሄፓታይተስ ቢና ሲ (ሰዉ የወፍ በሽታ ከሚለው)፣ ከመጠጥ፣ ጉበት ላይ ከሚፈጠር ጠባሳ ጋር የተያያዘ ነው። አባትሽ ያነሣቸው ነገሮች በሙሉ የዚያኛው ናቸው። የእሱ ግን ከአንጀት የሄደ ነው። ጉበቱ ላይ ያለው ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአንጀት ሴል መልክ አለው፤ የሚታከመውም በአንጀት ካንሰር መድኃኒት ነው። ስለዚህ «የጉበት ካንሰር» አትበዪ። «ወደ ጉበት የተዛመተ የአንጀት ካንሰር» በዪ። ረዘም ይላል፤ ግን መነሻውንም መድረሻውንም ይዟል።

«ተላለፈ»ን ተዪው። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። «ተላላፊ በሽታ» ከዚያው ግስ የወጣ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ «ተላለፈ» ሲል አእምሮው ውስጥ የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው ነው። ካንሰር እንዲህ አይሄድም፤ ግን ቃሉን የሰማ ዘመድ የታማሚውን ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጥ ሊጀምር ይችላል፤ ታማሚው ደግሞ የልጅ ልጆቹን መሳም ይፈራል። «ተሰራጨ»ም ብዙ ሐኪሞች የሚሉት ነው፣ ስህተት አልልም። ችግሩ «ተሰራጨ» ብቻውን ሲቀር ሁሉንም ቦታ ያዳርሳል። ጉበት ላይ ሁለት ቦታ የታየበትን ሰው «ተሰራጭቷል» ብትዪው መላ ሰውነቱን የሞላ ይመስለዋል። ጉበት ላይ ብቻ ያለ ዕጢ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«ተዛመተ»ን የምመርጠው ከ«ዘመተ» ጋር ስለሚዛመድ ነው። የዘመተ ሰው መነሻ አለው፣ የሚሄድበትም አለው። «ተዛማች በሽታ» የሚባል አነጋገር ስላለ እሱም ከወረርሽኝ ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ ግን «ከአንጀት ወደ ጉበት ተዛመተ» ብለሽ ሁለቱን ቦታ ከጠራሽ የሚሳሳት አይኖርም። «ሥር ሰደደ» የሚሉም አጋጥመውኛል፤ ሥር የሰደደ በሽታ ማለት ለኛ የቆየ፣ የማይለቅ በሽታ ማለት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ስለ «ነቀርሳ»ም ላንሣ፦ ነቀርሳ ጥሩ ነባር ቃል ነው፣ ካንሰር ማለት ነው፤ ነገር ግን «የሳንባ ነቀርሳ» ቲቢ ነው። ነገ ሐኪሙ ስለ ሳንባ ሲያወራ ችግር ውስጥ እንዳትገቢ፣ «ካንሰር» የሚለውን ያዢ።

ለምን ጉበት? አባትሽ «ከየት መጣ» ብሎ ስለጠየቀ መልስ ይገባዋል። ከአንጀት የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። ፖርታል ቬይን በሚባለው ትልቅ የደም ሥር ተሰብስቦ መጀመሪያ ጉበት ይገባል፤ ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ በዚህ ሥር የሚመጣ ነው። ከዕጢው ተነጥሎ ደም ውስጥ የገባ ሴል መጀመሪያ የሚያገኛቸው ጠባብ ሥሮች የጉበት ናቸው፤ እዚያ ይያዛል። የፊንጢጣ የታችኛው ክፍል ደም ግን በከፊል በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ከዚያ የሚነሣ ካንሰር ጉበትን አልፎ ሳንባ ላይ ሊታይ ይችላል። ካንሰሩ መጀመሪያ ሲታወቅ ከአምስት ታማሚ አንዱ ገደማ ቀድሞውኑ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተበት ነው፤ ከዚያ ውስጥም ጉበት ቀዳሚው ነው። አባትሽ ያጠፋው ነገር የለም፤ ይህን ደጋግመሽ ንገሪው።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ «ድራይቨር ሚውቴሽን» እንሂድ። ሚውቴሽን የጂን ለውጥ ነው፤ «ድራይቨር» የሚባለው ሴሉን ወደ ካንሰርነት የሚገፋው ለውጥ ነው። «መንስኤ» ብለሽዋል። «መንስኤ» ስንል አንድ ነገር ነው የምንጠብቀው፤ የወባ መንስኤ ፕላዝሞዲየም እንደምንለው። እዚህ ግን አንድ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎቹ ኤሪክ ፊረንና በርት ቮግልስታይን፣ እዚያው እናንተ ግዛት ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆነው፣ የአንጀት ካንሰር በጂን ላይ በሚደራረቡ ለውጦች ደረጃ በደረጃ እንደሚፈጠር አሳዩ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ኤፒሲ የሚባለው ጂን ይበላሻል፤ ሥራው ቤታ ካቴኒን የሚባል ፕሮቲን እንዳይበዛ መቆጣጠር ነበር፣ ሲበላሽ ሴሉ ያለ ልክ ይባዛል፤ ከ10 ዕጢዎች በ8ቱ ገደማ ይገኛል። ኬራስ የሚባለው ጂን ሲቀየር ሴሉ ማንም ሳያዘው «እደግ» የሚል ምልክት ያለማቋረጥ ይደርሰዋል፤ ይህ ከ10 በ4ቱ ገደማ ነው። ቲፒ53 የሚባለው ጂን ደግሞ የተጎዳ ሴል እንዲቆም ወይም እንዲሞት የሚያደርገው ነው፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዕጢዎች ሥራ አቁሞ ይገኛል። ስማድ4 ሲጠፋ ደግሞ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው ምልክት ሴሉን መግታት ያቅተዋል፣ ለመዛመትም ይመቸዋል።

አንዳንዶች «ሾፌር ሚውቴሽን» ይላሉ። አልወደውም። ሾፌር የሚሄድበትን ያውቃል፤ እነዚህ ለውጦች ጉበትን አያውቁም። ተመራማሪዎች የአንጀቱን ዕጢና የጉበቱን ዕጢ ጂኖች ጎን ለጎን ሲያወዳድሩ ዋናዎቹ ለውጦች በአብዛኛው አንድ ሆነው ነው ያገኟቸው። «ወደ ጉበት የሚወስድ ጂን» የሚባል የታወቀ ነገር የለም። ስለዚህ እኔ «ገፊ ለውጥ» እላለሁ። «ገፊ ምክንያት» ሁላችንም የምናውቀው አማርኛ ነው። ስለ ስደት የሚጻፍ ነገር ያነበበ ሰው «ገፊና ሳቢ ምክንያቶች» የሚለውን ያውቀዋል፤ ይሄ አነጋገር ለዚህ ጉዳይ እንዴት እንደሚመች ሳስብ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ጉበትም ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም።

ሳቢው ጉበት ነው። እዚያ ሲኤክስሲኤል12 የሚባል ሞለኪውል ይመነጫል፤ አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ላይ ሲኤክስሲአር4 የሚባል፣ ያንን ሞለኪውል የሚይዝ ተቀባይ ፕሮቲን ስላለ ወደዚያ ይሳባሉ። ኤችጂኤፍ የሚባለው ደግሞ የጉበት ሴሎች እንዲያድጉ የሚያደርግ ነው፤ ሜት የሚባለው ተቀባይ ያለው የካንሰር ሴልም ከዚያው ይጠቀማል። ስቴሌት የሚባሉት የጉበት ሴሎች ሲነቃቁ ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ይሠራሉ፣ ለመጣው ሴል መጠለያ ይሆናል። ኩፈር ሴሎች የገባውን ባዕድ የሚበሉ ዘበኞች ናቸው፤ ብዙውን ይበላሉ፣ የሚያመልጥ ግን አለ። ይህን ሐሳብ እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፔጄት እ.ኤ.አ. በ1889 የተናገረው የካንሰሩን ሴል ዘር፣ የሚያርፍበትን የሰውነት ክፍል አፈር እያለ ነው። በአማርኛ ይህን ምሳሌ ለእናትሽ አትንገሪያት። «ዘር» የሚለውን ስትሰማ የምታስበው ቤተሰብ ነው።

ይሄው ወደ እናትሽ ጭንቀት አደረሰን። «ጂን» የሚለውን ቃል እኛ የምናውቀው «በዘር የሚተላለፍ» ከሚለው ጋር ነው። «ዘረመል» ብትዪም «ዘር» ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ለመማሪያ መጽሐፍ ጥሩ ቃል ነው፣ ለታማሚ አልጋ ግን አይሆንም። በዕጢው ውስጥ የሚገኙት ለውጦች አብዛኞቹ ሰውየው ከተወለደ በኋላ፣ በዚያው በአንጀት ሴል ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። በውርስ በመጣ ጂን ምክንያት የሚነሣው የአንጀት ካንሰር ከ100 አምስት ገደማ ነው፤ ዋናው ሊንች ሲንድሮም ይባላል። ስለዚህ «የጂን ለውጥ አለበት» ብለሽ አትቁሚ፤ «በካንሰሩ ሴሎች ውስጥ የተፈጠረ የጂን ለውጥ» በዪ። «የተፈጠረ» የሚለው ቃል ብቻ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም፦ አባት የአንጀት ካንሰር ካለበት ልጆቹ ከሌላው ሰው ቀደም ብለው ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) እንዲያደርጉ ይመከራል። በ40 ዓመት፣ ወይም አባት በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ የሚቀድመው። እናትሽን አረጋጊ፣ አንቺ ደግሞ ሐኪምሽን ጠይቂ።

«ዋይልድ ታይፕ»ን «የዱር» ማለትሽ አባትሽን ማስደንገጡ አይገርምም፤ የዱር ሲባል አውሬ ነው የሚታየን። ትርጉሙ ግን ኬራስ እንደ ተፈጥሮው ነው፣ አልተለወጠም ማለት ነው። «ኬራስ ላይ ለውጥ አልተገኘም» በዪ፣ በቃ። ይሄ ደግሞ የሚያስደስት ዜና ነው! ሴቱክሲማብና ፓኒቱሙማብ የሚባሉት መድኃኒቶች ኬራስ ወይም ወንድሙ ኤንራስ ከተለወጠ አብዛኛውን ጊዜ አይሠሩም፤ ካልተለወጠ ግን፣ በተለይ ዕጢው የተነሣው ከአንጀት ግራ ክፍል ከሆነ፣ ሐኪሙ ሊያስባቸው ይችላል። አንድ ሌላ ቃልም ተጠንቀቂ፦ «ፖዘቲቭ»። ወረቀቱ ላይ የሆነ ምርመራ ፖዘቲቭ ቢል «ተገኝቷል» በዪ። «ፖዘቲቭ ነው» ሲባል አብዛኛው የእኛ ሰው የሚሰማው ኤችአይቪ ነው።

እንግዲህ ሁሉንም ገጣጥመሽ እንዲህ ብትዪው ይገባዋል፦ «አባዬ፣ ያለብህ የአንጀት ካንሰር ነው፤ በደም ሥር ሄዶ ወደ ጉበትህ ተዛምቷል። አዲስ በሽታ አይደለም፣ ያው የአንጀቱ ነው። በካንሰሩ ሴሎች ውስጥ የተፈጠሩ ገፊ ለውጦች አሉ፤ ኬራስ የሚባለው ላይ ግን ለውጥ አልተገኘም፣ ለመድኃኒት ምርጫ ጥሩ ነው።» የጂኖቹን ስም በአማርኛ ፊደል እንደሚነበቡ ጻፊለት፤ ሐኪሙ ያለውን ወረቀት ግን እንዳለ ያዢ፣ ሌላ ሆስፒታል ብትሄዱ የሚፈለገው እሱ ነው። ሆስፒታሉም በነጻ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቂ፤ አንቺ ልጁ ነሽ፣ በእንዲህ ያለ ቀን አጠገቡ ተቀምጠሽ እጁን መያዝ እንጂ ቃል መፈለግ የለብሽም።