ስለ ጋዝ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ሞተር፦ ከድሬዳዋ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከድሬዳዋ ሐረር የምመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ጎሚስታ ቤት ያስለካሁት የጎማ ንፋስ ቀትር ላይ ጨምሮ አገኘዋለሁ። ላስቀንሰው?

መልስ፦ አያስቀንሱ፤ ፋብሪካው ያዘዘው ልክ ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። የሞቀ አየር ሞለኪውሎች ፈጥነው ስለሚሮጡ የጎማውን ግድግዳ በብርቱ ይመታሉ። የጎማው ይዘት እምብዛም ስለማይለወጥ ግፊቱ ከሙቀት መጠኑ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ስሌቱ ግን በኬልቪን ነው፤ ይህም በሴልሺየስ ዲግሪ ላይ 273 በመደመር የሚገኝ የሙቀት መለኪያ ነው። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ መውጣት እጥፍ ቢመስልም ከ293 ወደ 313 ኬልቪን ነውና ጠቅላላው ግፊት በ7 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨምራል። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ግፊት የሚተርፈውን ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ ጭማሪው በመቶኛ ከዚህ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በዚህ ሙቀት የፍሪጁን በር ከፍቼ ብተወው ክፍሌ ይቀዘቅዛል?

መልስ፦ ይበልጥ ይሞቃል። ፍሪጁ ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት፣ ከተጠቀመበት የኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ደምሮ፣ በጀርባው በኩል እዚያው ክፍል ውስጥ ይለቀዋል።

ጥያቄ፦ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የገባው ባቡር በእንፋሎት ይሠራ ነበር፤ ኋላ በናፍጣ ተተካ። የእንፋሎቱን ሞተር አሻሽሎ ሙቀቱን በሙሉ ወደ ሥራ መለወጥ አይቻልም ነበር?

መልስ፦ አይቻልም፤ የተፈጥሮ ሕግ ራሱ ይከለክላል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ በ1824 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሞተር ከሙቀት ሥራ የሚያገኘው ሙቀቱ ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ሲሻገር ነው፤ ስለዚህ ከፊሉ የግድ ወደ ውጭ ይጣላል፣ ከፍተኛውን ድርሻም የሚወስኑት ሁለቱ የሙቀት መጠኖች ናቸው። እንፋሎቱ በ180 ዲግሪ ገብቶ በ100 ዲግሪ ቢወጣ፣ በኬልቪን 453 እና 373 ነውና፣ ልዩነቱን 80ን ለ453 ስናካፍል 18 በመቶ ገደማ እናገኛለን። ይህ ሰበቃ የሌለበት፣ ሙቀትም የማያመልጥበት ሞተር ጣሪያ ነው፤ እውነተኞቹ የእንፋሎት ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ስለ ሙቀት ምንነት ገና ስምምነት ባልነበረበት ዘመን እዚህ ላይ መድረሱ ዛሬም ያስደንቀኛል።

በናፍጣ ሞተር ነዳጁ የሚነደው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሚያሞቀው የተረጨው ናፍጣ ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ የሚነደው ጋዝም ከ1,500 ዲግሪ ያልፋል። መነሻው እዚህ ድረስ ከፍ ስላለ ጣሪያውም ከፍ ይላል፣ በተግባርም ከ30 በመቶ በላይ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሞተር የሚደክመው በድሬዳዋ ሙቀት ነው ወይስ በሐረር ከፍታ?

መልስ፦ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ለሌለው ሞተር ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ጉልበቱ በሚስበው አየር እፍጋት፣ ማለትም በአንድ ይዘት ውስጥ ባለው የአየር መጠን፣ ይወሰናልና። በድሬዳዋ የአየሩ ግፊት 88 ኪሎፓስካል፣ በሐረር 81 ገደማ ነው፤ የድሬዳዋው አየር 35 ዲግሪ፣ የሐረሩ 20 ዲግሪ ቢሆን የሐረሩ ቅዝቃዜ የግፊቱን ጉድለት አብዛኛውን ስለሚያካክሰው የሐረሩ አየር እፍጋት ከድሬዳዋው በ3 በመቶ ገደማ ብቻ ያንሳል።