ቡቺን ማን መረዘው?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነዎት? ቡቺ የሚባል የሰባት ወር ውሻ አለኝ፣ ያለፈው እሁድ ጠዋት ስነሳ በረንዳ ላይ ተጋድሞ ያስመልሰዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው፣ ሀኪም ጋር ወስደነው ጉሉኮስ ተሰጥቶት በአምስተኛው ቀን ነው ቀና ያለው። ቅዳሜ ደህና ነበር፣ እንደውም ከሰዓት እማዬ ለምጣድ ማሟሻ ሰፌድ ላይ ያሰጣችውን ጉሎ ደፍቶባት ስትቆጣው ነበር። ጎረቤታችን ሌሊት ይጮህብኛል እያለ ሁሌ ስለሚያማርር በአጥር መርዝ ጥሎበት ነው ብለን ከዛን ቀን ጀምሮ ሰላም አንባባልም። እውነት መርዝ ነው? ደሞ ግቢያችን ውስጥ አደገኛ ተክል ካለ ይንገሩኝ፣ በሩ ጋር ሮዝ አበባ ያለው ኦሊያንደር አለ፣ አጥሩ ቅንጭብ ነው፣ ሌላው ጽጌረዳ ምናምን ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ቡቺ ተረፈልሽ። መርዝ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ግን በአጥር የመጣ አይመስለኝም። ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ እንዲሁ አለፍ ብለሽ የጠቀስሽው ሰፌድ ላይ ነው አይኔ የቀረው።

የጉሎ ፍሬ ታውቂዋለሽ፣ ዥጉርጉር ሆኖ ደም የጠጣ መዥገር የሚመስለው። ውስጡ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። ውሻ ሳያኝክ ከዋጠው ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ ሊወጣ ይችላል፣ ካኘከው ግን ጥቂት ፍሬም ሊገድለው ይችላል፣ የሰባት ወር ቡችላ ደሞ ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክበት እድሜው ነው። ሪሲን ሴሎች ፕሮቲን መስራት እንዳይችሉ ስለሚያደርግ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ይቆይና ነው ትውከቱና ደም ያለው ተቅማጥ የሚመጣው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በልቶ እሁድ ጠዋት መታመሙ ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል። ድሮ ለውሻ ማጥፊያ ይሰጥ የነበረው ስትሪክኒን ቢሆን ኖሮ ቶሎ ነው የሚይዘው፣ ሰውነቱን እንደ እንጨት ያገትረዋል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ አንቺ ደሞ እንደዛ ያለ ነገር አልጻፍሽም። ሳላየው ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ነኝ አልልሽም፣ ሌላም መርዝ አለ፣ ግን እኔ ብሆን ጎረቤቴን አላኮርፍም ነበር። የጉሎ ዘይት መድሀኒት አይደል እንዴ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ ሪሲኑ ወደ ዘይቱ አይገባም፣ ፋጉሎው ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ሙቀት ያልነካው የጉሎ ፋጉሎ ለአበባ ማዳበሪያ ብሎ መሬት ላይ መበተንም ለውሻ አደጋ ነው፣ ሽታው ደሞ ይስባቸዋል።

አሁን ወደ በርሽ ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ከጉሎው እኩል ያስፈራኝ ኦሊያንደሩ ነው። ቅጠሉም አበባውም ግንዱም መርዝ ነው፣ የልብ ምት ያዛባል፣ የደረቀ ቅጠሉ እንኳን መርዝነቱ አይለቀውም። ለምለሙ መራራ ስለሆነ ውሻ ብዙም አይደፍረውም፣ አደጋው ሲከረከም ነው፣ የተቆረጠው ቅርንጫፍ መሬት ላይ ይተዋል፣ ቡችላው አንስቶ እንደ ዱላ ይጫወትበታል። በኔ በኩል ንቀይው ነው የምልሽ። ጓንት አድርጋችሁ ንቀሉት፣ እንዳታቃጥሉት፣ ጭሱም ለሰው ጥሩ አይደለም። ቅንጭቡ ብዙ ጊዜ አይገድልም፣ ግን ነጭ ወተቱ አፍ ያቃጥላል፣ አይን ውስጥ ከገባ በጣም ይጎዳል፣ እንደዛ ከሆነ በብዙ ንጹህ ውሀ እያጠባችሁ ወደ ሀኪም። ጽጌረዳው ከእሾሁ በቀር ምንም አያደርገውም። ወደፊት ችግኝ ስትገዢ ሳይካስ የሚሉትን አጭር ዘንባባ መሳይ እንዳትወስጂ፣ ጉበት ነው የሚጨርሰው፣ በተለይ ፍሬው። አጤፋሪስ፣ አስተናግርም ይሉታል፣ ጥግ ላይ ከበቀለ ሳያፈራ ንቀሉት።

አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ሌላ ጊዜ የሆነ ነገር በላ ብላችሁ ስትጠረጥሩ ወተት ወይ ዘይት በግድ አትጋቱት። ወተት መርዙን አያረክሰውም፣ በግድ የተጋተ ዘይት ደሞ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ያኔ ሁለተኛ በሽታ ሰጣችሁት ማለት ነው። በጨው ውሀ ማስመለስም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡለት፣ የበላውን ቅጠል ወይ ፍሬ በፌስታል ያዙ፣ ካልሆነ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደበላ አስታውሱና ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ሂዱ፣ ቶሎ ከመጣ ብዙ ማድረግ እንችላለን።

ቡቺን አንዴ መልሰሽ ውሰጂውና ጉበቱና ኩላሊቱ በደም ምርመራ ይታይ። የእማማ ጉሎ በክዳን እቃ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ዛፉ ግቢያችሁ ውስጥ ከሆነ ደሞ ፍሬው ሲደርቅ እየፈነዳ ስለሚበተን ከስሩ ያለውን በእጅ ልቀሙት፣ ከዝናብ በኋላም እየዞራችሁ አዲስ የበቀለ ካለ ንቀሉ።