«ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቀታም ነኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ጠባዬ ነው ወይ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን የለጠፍሽው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ያን ሰዓት አውቀዋለሁ፤ አራት ዓመት ጣሪያ ላይ አፍጥጬ አሳልፌዋለሁ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ብር ሳይታረቅ ከቢሮ አልወጣም። በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዓመታዊ ሂሳብ ስንዘጋ እንቅልፌ ጠፋ፤ ሂሳቡ ተዘግቶም አልተመለሰም።

1. ጠባይሽን አትክሰሺ። አሜሪካዊው ተመራማሪ አርተር ስፒልማን በ1987 እ.ኤ.አ. እንቅልፍ ማጣትን የሚያመጣውን ነገር በሦስት ከፍሎታል፦ የሚያጋልጠው፣ የሚቀሰቅሰውና የሚያቆየው። ተጨናቂነትና ሁሉ ነገር ፍጹም ይሁን ማለት ያጋልጣሉ፤ የእኔ ሰኔ ቀሰቀሰው። ዓመታት የሚያቆየው ግን እንቅልፍን ለማስመለስ ብለን የምናደርገው ነው።

2. በጊዜ አትተኚ። እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። የጎደለውን ሰዓት እንደ ሂሳብ ጉድለት ላሟላ ብዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልጋ ላይ እወጣ ነበር። አሥር ሰዓት ተጋድሜ አምስቱን እንኳ አልተኛም፤ ሌሊቱን ሙሉ እስኪነጋ የቀረኝን ሰዓት ስደምርና ስቀንስ አድራለሁ። ሳሎን የተጫነኝ እንቅልፍ ትራስ ስነካ ብን ብሎ ይጠፋል።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ጠባይህ ነው፣ አታስብ» ብሎ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ ኪኒን ጻፈልኝ። ላለማሰብ ብችል ኖሮ እሱ ዘንድ ምን ወሰደኝ? ስንት ሰዓት አልጋ ላይ እንደምቆይ፣ ቡና መቼ እንደምጠጣ እንኳ አልጠየቀኝም። ስምንት ወር ዋጥኩት። ከዚያ በገዛ ራሴ ውሳኔ በአንድ ቀን አቆምኩት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፌም ከበፊቱ ብሶ ሰነበትኩ። ጀምረሽ ከሆነ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ቀንሺው እንጂ በአንዴ እንዳታቋርጪ፣ እለምንሻለሁ።

ከዚህ ያወጣችኝ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ሁለት ሳምንት የእንቅልፍ መዝገብ አስያዘችኝ፤ መዝገብ መያዝ ደግሞ ሙያዬ ነው፣ አንድ ሌሊት አልዘለልኩም። ከዚያ አልጋውን ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ብቻ ፈቀደችልኝ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ተነሥቼ ሳሎን እቀመጣለሁ። የግድግዳውን ሰዓትም አስወረደችኝ፤ አንቺም ዛሬውኑ አውርጂው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት መከራ ነበሩ፤ መኪና እንኳ አልነዳሁም። እንቅልፌ ሲሰበሰብ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ጨመረችልኝ። በሰባተኛው ሳምንት ስድስት ሰዓት ያህል ሳልነቃ ተኛሁ። ጠዋት ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት፤ አለቀሰች።

ጠባዬ አልተለወጠም። ዘንድሮም ሰኔ 30 ቀን ሂሳቡን አስታርቄ ከቢሮ የወጣሁት መጨረሻ ላይ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ግን ተኝቻለሁ።