ነዳጅ «የሚነድ» ነው ወይስ «የሚያነድ»?

ጥያቄ፦ የልጄ መምህር «ኩበትም ከሰልም ነዳጅ ነው» ብለው አስተምረዋታል። እኔ ነዳጅ የምለው ከማደያ የሚቀዳውን ብቻ ነው። ማን ልክ ነው? ዜና ላይ «ለግጭቱ ነዳጅ ሆነ» የሚሉትስ?

መልስ፦ ነዳጅ የወጣው «ነደደ» ከሚለው ግስ ነው። ወለደ ወላጅ፣ ፈረደ ፈራጅ፣ አረደ አራጅ እንደሚሆን ሁሉ፣ የመጨረሻው «ደ» እዚህም ወደ «ጅ» ዞሯል። ስለዚህ ፍቺው «የሚነድ» ነው፤ «የሚያነድ» ቢሆን ኖሮ ከ«አነደደ» አንዳጅ በተባለ ነበር። (ማደያም ከ«አደለ» ሲወጣ «ለ»ው እንዲሁ ወደ «ያ» ተለውጧል።) ንዴትና ንዳድ የዚሁ ግስ ልጆች ናቸው።

በአመሠራረቱ እንግዲህ መምህሩ ልክ ናቸው፤ በልማድ ግን እርስዎ። ገበያ ወጥተው «ነዳጅ ስጡኝ» ቢሉ ኩበት የሚያቀብልዎ የለም። ፍልጡ፣ ጭራሮውና ኩበቱ በጅምላ ማገዶ ነው የሚባለው፤ ከሰል በራሱ ስም ይጠራል። ለሳይንስ መማሪያ «ጠጣር ነዳጅ» ቢባል ችግሩ ይቃለላል።

የበለጠ የሚያሳስተው «ጋዝ» ነው። አዲስ አበባ ላይ ለፋኖስና ለኩራዝ የሚገዛው ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ላምባ ነው፤ በሲሊንደር የሚመጣው ቡታጋዝ ይባላል። አሜሪካ የከረመ ዘመድዎ «ጋዝ ልሙላ» ሲል ግን ቤንዚን ማለቱ ነው። ማደያ ሲደርሱ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ብሎ መለየት ይሻላል። «ነዳጅ ጨመረ»ም አሻሚ ነው፤ ዋጋው ከሆነ «የነዳጅ ዋጋ ጨመረ»፣ መኪናው ከሆነ «ነዳጅ ቀዳ» ወይም «ሞላ» ይበሉ።

«ለግጭቱ ነዳጅ ሆነ» ለጆሮዬ ከባዕድ ቋንቋ የተገለበጠ ይመስለኛል። «በእሳት ላይ ቤንዚን አርከፈከፈ» ለምደነዋል፤ ይሁን። ግሶቻችን ግን ከዚያ የተሻለ ይለያሉ፦ ጠቡን የጀመረው ለኮሰ ወይም ጫረ፤ የበረደውን የቀሰቀሰው ቆሰቆሰ፤ ያለውን ያከፋው አባባሰ። የሰው ሕይወት የገበረበት ከሆነ ደግሞ «ማገደ» አለ። እንጨት ከእሳት መጨመር ነበር ትርጉሙ፤ ዛሬ «ወጣቱን ጦርነት ውስጥ ማገደው» ሲባል ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም።