«ቅድመ ሁኔታ» ወይስ «መስፈርት»?

ጥያቄ፦ በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት በሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ለአውቶቡስ ሹፌር ቅጥር ባዘጋጀሁት ማስታወቂያ ላይ «መስፈርት» ያልኩትን አለቃዬ በሙሉ ሰርዞ «ቅድመ ሁኔታ» አደረገው። ለመሆኑ ልዩነት አላቸው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አላቸው እንጂ! ለሥራ ፈላጊው ደግሞ ቀላል ልዩነት አይደለም።

«መስፈርት» የመጣው «ሰፈረ» ከሚለው ግስ ነው፤ እህል በቁና የምንሰፍርበት ያው «ሰፈረ»። በመስፈርት ሰው ይለካል። አንዱ ይበልጣል፣ ሌላው ያንሳል። የሥራ ልምድና የፈተና ውጤት ነጥብ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው።

«ቅድመ ሁኔታ» ግን ነጥብ የለውም። ወይ አለ፣ ወይ የለም። «ቅድመ» ከግእዝ የወረስነው «በፊት» ነው፤ ቅድመ ክፍያ፣ ቅድመ ወሊድ እንደምንለው። «ሁኔታ» ደግሞ ከ«ሆነ» ይወጣል። ሌላው ከመሆኑ በፊት መሆን ያለበት ማለት ነው። ሕዝብ 2 መንጃ ፈቃድ የግድ ከሆነ፣ እሱ የሌለው ሰው ጎበዝ ሹፌር ነው ብሎ አገር ቢመሰክርለትም አይወዳደርም። ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው። ካልኩለስ 1 ለካልኩለስ 2 ቅድመ ሁኔታ ከሆነ፣ በ«ኤ» ያለፈውም በ«ሲ» ያለፈውም እኩል ይመዘገባሉ። የወደቀው ብቻ ይቀራል።

በፖለቲካው ሰፈር «ያለ ቅድመ ሁኔታ እንደራደራለን» ሲባል ብዙ ሰው «ምንም አንጠይቅም» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ለመቀመጥ ብለን የምናስቀድመው ጥያቄ የለም ማለት ነው። ከተቀመጡ በኋላ የሚጠይቁት ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ ይቅር፤ «አስቀድሞ መሟላት ያለበት ቅድመ ሁኔታ» የሚባለው። «ቅድመ» ካለ «አስቀድሞ» ምን ይሠራል? «መሟላት ያለበት ቅድመ ሁኔታ» ይበቃል።

ወደ ማስታወቂያዎ ስንመለስ፣ እህቴ፣ ሁለቱንም ቃላት ይጠቀሙ፤ ግን ለየብቻ። መንጃ ፈቃዱን ከቅድመ ሁኔታ፣ የሥራ ልምዱን ከመስፈርት ያስገቡት። እኔ ብሆን ከሁሉ በላይ በጉልህ «ሕዝብ 2 መንጃ ፈቃድ የሌለው አመልካች አይመዘገብም» ብዬ እጽፍ ነበር። ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ ከአሰላ የሚመጣ ሰው ይኖራል። ግማሽ ቀን ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «አንተ አታሟላም» መባል የለበትም። እዚያው አሰላ ሆኖ ማስታወቂያውን ሲያነብ ይወቀው።